ጋሼ ቆርቆሮ፣ የአየር መንገዱ አባል

ጥቅምት 8 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለድንቢጥ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ፍሬንሽ የታመነ፣ መንገድሽ የቀና፣ ቤትሽ የሞቀ ሆኖ ያግኝሽ። የምትነጂውን አውቶቡስ በውስጡ ካሉት ጋር ፈጣሪ ይጠብቅልሽ። እኔ ጉልበቴ አልፎ አልፎ ከማኩረፉ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬ እንደምታውቂው ነው። አርባ ዓመት ቆርቆሮ ሲደበድብ የኖረ ሰው ጆሮ ይዞ አይቀርም፤ ስለዚህ በስልክ አትድከሚ፣ ጻፊልኝ።

የዛሬው ጉዳዬ ከባድ ነው። ለሠርግሽ ስመጣ ሻንጣዬን የመዘነችው የአየር መንገዱ ሠራተኛ «ጋሼ፣ ለምን አባል አይሆኑም?» ብላ ስሜን መዝግባ ካርድ እንደሰጠችኝ ነግሬሽ ነበር። እናንተ በሠርጉ ግርግር ከቁም ነገር አልቆጠራችሁትም። ካርዱ ላይ ስሜ ታትሟል፤ ከስሜ በታች «አባል» ይላል፣ ከዚያ ዓመተ ምሕረቱ። እኔ የጣሪያ ሠሪዎች ማኅበር ውስጥ ሃያ ዓመት ስቆይ ደረሰኝ እንጂ ካርድ አይቼ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከአየር መንገዱ ደብዳቤ መጣልኝ። «ውድ ታማኝ አባላችን» ብሎ ይጀምራል። ያጠራቀምኩት ማይል እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልሠራሁበት ይሰረዛል ይላል። ድንቢጥ፣ ሳነበው ፊቴን እሳት ነው የበላው። ሦስት ዓመት ሙሉ አባል ተብዬ አንድ ቀን ብቅ አላልኩም። እንዲህ ያለውን ሰው የትኛው ማኅበር ነው የሚታገሠው? በማግስቱ የሠርግሽን ሱፍ ለብሼ ትኬት ቢሮው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ላገኘሁት ባለመነጽር ሰውዬ «ጠቅላላ ጉባኤው መቼ ነው? መዋጮም ቀርቶብኝ ከሆነ ልክፈል» አልኩት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ጉባኤም መዋጮም የለም አለኝ። ስብሰባ የሌለው ማኅበር ይኖራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

እስቲ አስቢው። ዕድሜዬን ሙሉ መሰላል ተሸክሜ በእግሬ ስኳትን የሄድኩትን መንገድ ያስቀመጠልኝ ሰው የለም። እነዚህ ሰዎች ግን እኔ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ፣ ሌላ ሰው እየነዳልኝ ያቋረጥኩትን ሰማይ ለክተው በስሜ አስቀመጡልኝ። ነገሩ ትዝ ሲለኝ መዶሻዬን እንደያዝኩ እቀራለሁ። ያን ቀን ስንነሳ መስኮት አጠገብ ነበርኩ። ጣሪያ ላይ ስወጣ ከእኔ በላይ ማን አለ ብዬ የምኮራው ሰውዬ፣ የሠራኋቸው ጣሪያዎች ሁሉ በአንድ ክንፍ ሥር ገብተው ሲጠፉ አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ደመናው ከታቻችን ሆነ። ዝናቡ እታች ይወርዳል፣ እኛ ላይ ፀሐይ ነው። ከዝናብ ሽሽት ለሰው ጣሪያ ስሠራ ኖሬ የዝናብን ጀርባ አያለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ከዚያ ወዲህ ሰማይ ሳይ ልቤ ዝም አይልም።

አሁን የምለምንሽ ይህ ማይል የት ድረስ እንደሚወስደኝ እንድታዪልኝ ነው። በእርሱ መጥቼ እህቴን እታለምን ላያት እፈልጋለሁ። ለመሆኑ እናትሽ ደህና ናት? ድሮ በደብዳቤሽ ግርጌ አንድ ሁለት መስመር ትጨምርልኝ ነበር። ባለፉት ሁለቱ ላይ ግን ድምፅዋ የለም። ተቀይማኝ ከሆነ ሳትደብቂ ንገሪኝ።

አጎትሽ፣ ሰፈሩ ጋሼ ቆርቆሮ የሚለው

ኅዳር 24 ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለጋሼ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎ ኩርፊያውን ይተው፣ የሚወጡበት መሰላል ይጽና፣ የሚረግጡት ማገር አይክዳዎት። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ፈረቃዬ ተቀይሮ ከቤት የምወጣው ጎረቤት ሳይነቃ ስለሆነ መልሴ ዘገየ፤ እንዳይቀየሙኝ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት በምሳ ሰዓት፣ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ጋ ስደርስ ብቻዬን እየሳቅኩ መስኮቱን ስደበድብ የጋራዡ አለቃ አንድ ነገር የሆንኩ መስሎት መጣ። ማታ ለባሌ አነበብኩለት። ከዚያ ወዲህ ሳህን እጠብ ስለው «መዋጮዬን ከፍያለሁ» ይለኛል።

ቁም ነገሩን ግን ልንገርዎት። ጋሼ፣ ማኅበር አይደለም፤ ንግድ ነው። ደንበኛ ወደ ሌላ እንዳይሄድ የሚያዝበት ዘዴ ነው። በየሳምንቱ ለሚበርና ትኬቱን መሥሪያ ቤቱ ለሚከፍልለት ሰው ደህና ነገር ነው። ሰልፍ ያሳጥሩለታል፣ ሰፊ ወንበር ይሰጡታል፣ በዓመቱ መጨረሻም በነጻ ይሄዳል። እንደ እኔና እንደ እርስዎ ሠርግ ሲኖር ወይም ሲጨንቀው ብቻ የሚሳፈር ሰው ግን ማይሉ ሳይጠራቀም ቀኑ ያልፍበታል። የእርስዎን በኢንተርኔት ከፍቼ አየሁት። ደርሶ መልስዎ ተደምሮ የትኬቱን ሩብ አይሞላም። አሁን ባለበት ሊያገኙበት የሚችሉት ጃንጥላ ወይም የሻንጣ ማሰሪያ ነው። ነጻ በሚሉት ትኬት ላይም ቢሆን ቀረጡና የነዳጁ ክፍያ አይቀርም።

እኔም ብሆን አምና ተሞኝቻለሁ። የባሌን ቤተሰቦች ልንጠይቅ ስንሄድ ማይል ይጠራቀምልኛል ብዬ ርካሹን ትኬት ትቼ ውዱን ገዛሁ። የጨመርኩት ብር ማይሉ ከሚያወጣው ይበልጥ ነበር፤ ባሌ እስከ ዛሬ እያነሳ ይስቅብኛል። አውቶቡስ ማይል የሚያስቀምጥ ቢሆን ኖሮ እኔ ይኼኔ ጨረቃን ደርሼ ተመልሻለሁ። እስካሁን ያጠራቀመልኝ ግን የወገብ ሕመም ብቻ ነው።

እማዬ ደህና ናት። አልተቀየመችም፤ እርስዎን ማን ይቀየማል? ሥራ በዝቶባት ነው ያልጻፈችው። ሰላም በይልኝ ብላለች። ታዲያ ጃንጥላውን ላዝዝልዎት?

ልጅዎ ድንቢጥ

ታኅሣሥ 19 ቀን

ይድረስ ለድንቢጥ፣

እግዜር ከክፉ ተሳፋሪና ከሚያንሸራትት አስፋልት ይሰውርሽ። ለሳቂታው ባልሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሳህን ማጠቡ ግን አይቀርለትም።

ስለ ማይሉ ያልሽውን ሁሉ ደግሜ አነበብኩ። ልክ ነሽ ይሆናል። እኔ ግን ጃንጥላ አልፈልግም። ጃንጥላ የሚያስፈልገው ጣሪያው ለሚያፈስበት ሰው ነው። ተመልሼ ባለመነጽሩ ዘንድ ሄድኩና አማከርኩት። የጎደለውን ማይል በገንዘብ መግዛት ይቻላል አለኝ። ለአባላት የሚለቀቁት ወንበሮች ጥቂት ናቸው፣ እነሱም የሚከፈቱት ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። እኔ እጠብቃለሁ። እጅሽ ላይ ትንሽ ካለ ለማይሉ መግዣ ብትጨምሪልኝ የቀረውን ሁለት ጣሪያ ሠርቼ እሞላዋለሁ።

ሌላ ርካሽ አየር መንገድ አለ እንደምትይኝ አውቃለሁ። እንዴት አድርጌ? ሰዎቹ ታማኝ ብለው ጽፈውልኛል። ሚስማር እንኳ ከአንድ ሱቅ ነው የምገዛው፤ ባለሱቁ ሲያጣ እጠብቀዋለሁ እንጂ ማዶ አልሻገርም። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የእኛው አውሮፕላን ከምሠራበት በላይ ያልፋል። ድምፁን አልሰማም፣ ቆርቆሮው ግን ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይነግረኛል። ቀና ስል ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ሻንጣ፣ ምንም ሳይደግፈው ሰማዩ ላይ ይሄዳል። ስንት ጊዜ ባየው አልለምደውም። ባርኔጣዬን አውልቄ እስኪርቅ አየዋለሁ፤ የማሠራቸው ሰዎች ጸሎት የማደርስ ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ እናትሽ ልመለስ። እታለም ጡረታ ከወጣች ስንት ዓመቷ ነው? ምን ዓይነት ሥራ ነው የበዛባት? ባለፈው እሑድ ጎረቤቴን ደውይልኝ ብዬ ስልክ ይዤ ነበር። ድምፅዋ መጣ፣ ቃሉ ግን አልመጣም። እኔ የሰው ከንፈር ካላየሁ ንግግር አልይዝም። አጠገቧ ብሆን አንድም ቃል አያመልጠኝም ነበር። ረጅም ነገር አልጠይቃትም። በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ላይ ስሟን ብቻ ትጻፍልኝ።

አጎትሽ

መጋቢት 3 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

ፈጣሪ ልብዎን ያጽናልኝ። በዚህ ደብዳቤ ሌላ ምርቃት ከአፌ አልወጣም አለ።

ዋሽቼዎታለሁ። «አትንገሪው፣ ጣሪያ ላይ ሆኖ እኔን ሲያስብ ይወድቃል» ብላ እማዬ አስምላኝ ነው። አሁን ግን መሐላዬን አፈርሳለሁ። እማዬ ግላኮማ የሚባል የዓይን ሕመም አለባት። ሲታወቅ ዘግይቶ ነበር። የግራ ዓይኗ ከጠፋ ዓመት አለፈው። የቀኙ ደግሞ ዳር ዳሩ ጨልሞ መሐሉ ብቻ ቀርቷል፣ በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ማለት ነው። አንድ ሳህን ሙሉውን አይታያትም። ጠርዙን ታየዋለች፣ ከዚያ አንገቷን አዙራ ሌላውን ጠርዝ ትፈልጋለች። ጠብታውም፣ ቀዶ ሕክምናውም ተሞክሯል። ሐኪሙን እስከ ሰኔ ይቆይ ይሆን ብዬ ጠየቅኩት። ቃል አልገባልኝም።

ስምሽን ጻፊለት አልኳት። ደስ ብሏት እስክሪብቶ ያዘች። ግማሹን ስሟን ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ጻፈችው። ወረቀቱን ልልክልዎት አልቻልኩም።

ጋሼ፣ እርስዎ አይሰሙ፣ እሷ አታይ። ስልኩ ለእርስዎ አይሆን፣ ደብዳቤው ለእሷ አይሆን። እኔ መሐል ቆሜ ሳስተላልፍ ግማሹ ይፈሳል። የቀራችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት መቀመጥ ብቻ ነው፤ እሱም ዓይኗ እስካለ ድረስ ነው። እርስዎን ለማየት ስትል ስንት ጊዜ የሠርጌን ፎቶ ከመስኮቱ ጋ አስጠግታ እንደምትይዝ ባሳይዎት።

ማይሉን ሒሳብ ሠርቼበታለሁ። የጎደለውን መግዛት ከሌላ አየር መንገድ ሙሉ ትኬት ይበልጣል። ለነጻው ወንበር ብለው ሰኔን ቢጠብቁ የሚያተርፉት የለም፤ የሚያጡትን ግን አሁን ያውቁታል። የትኬቱን ገንዘብ በዚህ ሳምንት ልኬአለሁ። ርካሹ በረራ ወንበሩ ጠባብ ነው፣ መሐል ላይም ግማሽ ቀን ያስጠብቃል። እባክዎ በእሱ ይምጡልኝ።

ድንቢጥ

መጋቢት 21 ቀን

ይድረስ ለድንቢጥ፣

ለእናትሽ ዓይን የሆንሽ ልጅ፣ ዓይንሽን ያብራልሽ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ጣሪያ ላይ ተቀምጬ ነው። ከዚያ ቀስ ብዬ ወረድኩ፤ እታለም የፈራችው እንዳይደርስ ብዬ በሁለት እጄ ይዤ ወረድኩ። ለቤቱ ባለቤት ሥራውን ለሌላ ሰው አስረክቤ እንደምሄድ ነገርኩት።

በቀጥታ ወደ ትኬት ቢሮው አልሄድኩም። መጀመሪያ ቤቴ ገብቼ መልቀቂያ ጻፍኩ። ሰው ከማኅበር ሲወጣ ሹልክ አይልም፤ ንግድ ነው ብትይኝም እኔ የማውቀው እንዲህ ነው። «በአባልነቴ ዘመን ላደረጋችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ፤ እህቴ ስለታመመች በሌላ አየር መንገድ ለመሄድ ተገድጃለሁ» ብዬ ፈርሜ ለባለመነጽሩ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ከዚያ ተቀምጦ ደግሞ አነበበው። እስከ ዛሬ መልቀቂያ ያስገባ አባል አጋጥሞት እንደማያውቅ ነገረኝ። ሰው እንዳይሰማው ጎንበስ ብሎ፣ ለእኔ ግን ከንፈሩ እንዲታየኝ ቀስ እያለ፣ «ጋሼ፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከመጀመሪያውም ርካሹን ነበር የምገዛው። በስንት ዓመት አንዴ ለሚበር ሰው ይሄ ካርድ ምንም አይደለም። እህትዎ ጋ ይሂዱ» አለኝ። በራሱ እጅ የሌላውን አየር መንገድ ቢሮ አቅጣጫ ጽፎ እስከ በሩ ሸኘኝ።

ሚያዝያ 2 ቀን እደርሳለሁ። ለእናትሽ ንገሪያት። አትንገሪያት ልልሽ ነበር፣ ግን ድንገት ፊቷ ብቆም እኔን ፈልጋ ለማግኘት ትቸገራለች።

አጎትሽ

ሰኔ 10 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

በሰላም ገብተው መዶሻዎን እንደያዙ ሰማሁ፤ ተመስገን ነው። የሚሠሩት ጣሪያ ሁሉ በረከት ይደርበት።

መጥፎውን አስቀድሜ ልንገርዎት። ባለፈው ሳምንት የእማዬ ቀኝ ዓይንም ሄደ። መብራት መኖር አለመኖሩን ትለያለች እንጂ ሌላ ነገር አይታያትም። የአባላቱ ወንበር ገና እየተከፈተ ይሆናል። እኔ አልቅሻለሁ፣ እሷ ግን አላለቀሰችም። ተረጋግታለች ስል ለማጽናናት ብዬ አይደለም። ግድግዳውን እየዳሰሰች ትሄዳለች፣ አንዳንዴም ብቻዋን ፈገግ ስትል አያታለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ እዚህ ሳሉ፣ ያን ማክሰኞ፣ ከሥራ ስገባ ወጥ ቤት መስኮቱ ጋ ተቀምጣችሁ አገኘኋችሁ። ሻዩ ሳይነካ ቀዝቅዞ ነበር። የእርስዎ ፊት በእንባ ርሶ ነበር። ተጣልታችሁ ይሆን ብዬ ሳልጠይቅ አለፍኩ። አሁን እማዬን ምን ነበር ስላት «እሱን ጠይቂው፣ እሱ ነው የሚጽፈው» ትለኛለች። ሲጽፉልኝ አነብላታለሁ።

ድንቢጥ

ሐምሌ 2 ቀን

ይድረስ ለድንቢጥ፣ ይህን ጮክ ብለሽ ለምታነቢላት እናትሽም፣

እታለም፣ ጨለማው ይለስልስልሽ፣ እጅሽ የሚነካው ሁሉ ደግ ይሁን። እኔ ያለሁት እንዳየሽኝ ነው። ማይሎቹ በሰኔ መጨረሻ ተሰርዘዋል፤ ማስታወቂያው ደርሶኝ አንብቤ አስቀመጥኩት፣ ምንም አልተሰማኝም። የርካሹ አየር መንገድ ሰዎችም በመመለሻዬ አባል ይሁኑ ብለውኝ ነበር። አመሰግናለሁ፣ አንዴ ለቅቄያለሁ አልኳቸው። ወንበሩ እውነትም ጉልበቴን ሲያስቆጣው ነበር፤ ሰማዩ ግን ያው ሰማይ ነው። ፀሐይ ከክንፉ ጫፍ ስትወጣ ትኬቴ ርካሽ ነው ብላ የቀነሰችብኝ ነገር የለም። ያኔም አፌን ከፍቼ አየኋት።

ድንቢጥ፣ አልተጣላንም። የሆነው እንዲህ ነው። አንቺ ከሥራ ከመግባትሽ ቀደም ብሎ ሻይ ቀዳሁላት። እሷ ግን ጽዋውን ገፋ አድርጋ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፣ ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ። ከዚያ ተጠግታ ተቀመጠችና አገጬን በእጇ ያዘች። «አትንቀሳቀስ፣ ላይህ ነው» አለችኝ። ዓይኗ የሚያሳያት የሣንቲም ያህል ቦታ ነበር። ከግንባሬ ጀመረች። አንዱን መስመር ይዛ እስከ ጫፉ ሄደች፣ ወደ ቀጣዩ ወረደች። ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ ስታገኝ «ይኼ መቼ መጣ?» አለች። ቆርቆሮ ነው አልኳት። ጆሮዬ ጋ ስትደርስ «የአባባ ጆሮ፤ አልሰማ ማለቱንም ከእሱ ወስዶታል» ብላ ሳቀች። እኔ ከንፈሯን እያየሁ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

እሷ ታየኛለች፣ እኔ እሰማታለሁ። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ እንደዚያ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም። እኔ በደመና ላይ ሆኜ የተገረምኩ ሰው ነኝ፤ የእናትሽ ዓይን በፊቴ ላይ ሲሄድ የተሰማኝን ግን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰው ሲያየኝ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ የመጣው አፌ ጋ ስትደርስ ነው። በጣቷ ጠረገችውና እስከ አገጬ ጨረሰች።

እኔም አበቃ ብዬ ሻዩን ላሞቅ ብድግ ልል ስል ክንዴን ያዘችኝ። «ቆይ፣ አትነሳ» አለችና እንደገና ከግንባሬ ጀመረች።

ወንድምሽና አጎትሽ